ከዱቡሻ እስከ ዘረመል፦ የትውልድ ቆጠራ ቅኝት በጋሞ ምድር

ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርደው መንገድ ምዕራብ ዓባያን ሲያቋርጥ በስተግራ የዓባያ ሐይቅ፣ በስተቀኝ የጋሞ ተራሮች ይታያሉ። በሁለቱ መካከል በተዘረጋው የሙዝ ምድር ላይ የሚኖረው ሕዝብ ከአንድ ቦታ የመጣ አይደለም። ከደጋው የወረደ ጋሞ አለ፤ ከሰሜን የመጣ ወላይታ አለ፤ ከጊዲቾ ደሴት ወደ ምዕራቡ ዳር የተሻገሩ የባይሶና የሃሮ ሰዎችም አሉ። ባይሶ የኩሽ ቋንቋ ነው፤ ሃሮ ደግሞ የኦሞ። ሁለቱ ቋንቋዎች በአንዲት ደሴት ላይ ጎን ለጎን ኖረዋል። እንዲህ ባለ አካባቢ «የማን ልጅ ነህ?» ሲባል ጥያቄው ለወግ ያህል የሚቀርብ አይደለም። መልሱ ሰውየው የት እንዳረሰ፣ ማንን ማግባት እንደሚችልና በማን ፊት እንደሚቆም ይናገራል።

የዚህ ቅኝት ሐሳብ አንድ ነው፦ በአገራችን ትውልድ የተቆጠረው ለሥራ ነው። መሬት ለማግኘት፣ ለጋብቻ፣ ለምርቃትና ለክብር ቅደም ተከተል ተቆጥሯል። በየዘመኑ ከእነዚህ ሥራዎች አንዱ ወደ ሌላ እጅ ሲሻገር የቆጠራው መልክም ተለውጧል። የዛሬው የቤተሰብ ታሪክ ፈላጊ አያቶቹን ለማግኘት ከፈለገ፣ እነማን ለምን ሲሉ እንደቆጠሩ፣ እነማንን ደግሞ ሳይቆጥሩ እንዳለፉ አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።

የነገሩ መነሻ ከጽሑፍም ከአፍ ታሪክም በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ተመራማሪዎች በጋሞ ደጋ ውስጥ በምትገኘው የሞታ ዋሻ፣ በድንጋይ ክምር ሥር የተቀበረ የአንድ ሰው አጽም አገኙ። ዕድሜው 4,500 ዓመት ያህል ነው። ከጆሮው አጠገብ ካለው ጠንካራ አጥንት የተወሰደው ናሙና ሙሉ ዘረመሉ እንዲነበብ አስቻለ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲታተም ከአፍሪካ ምድር የተገኘ የመጀመሪያው ሙሉ ጥንታዊ ዘረመል ሆነ። ለሰውየው የተሰጠው ስም ባይራ ነው፤ በጋሞኛ የበኩር ልጅ ማለት ነው። ስሙን ያወጣ ሰው አካባቢውን በሚገባ ያውቃል፤ በጋሞ ሥርዓት ውስጥ ከበኩርነት የሚበልጥ የዘር ማዕረግ የለምና። ወደ ባይራ ኋላ እንመለሳለን።

ከዚያ ጥንት ወደ መካከለኛው ዘመን ስንሻገር ጋሞ በጽሑፍ ብቅ ይላል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለነገሠው ለዐፄ ይስሐቅ በቀረበው የውዳሴ መዝሙር ውስጥ የጋሞ ስም ይጠራል። ዛሬ በምዕራብ ዓባያ የምትታወቀው ጥንታዊቷ የብርብር ማርያም ቤተ ክርስቲያንም ደጋው ከሰሜኑ ክርስቲያናዊ መንግሥት ጋር ለነበረው ትስስር ምስክር ናት። ለትውልድ ቆጠራ ታሪክ ግን ከሁሉ በላይ የሚጠቀሰው አባ ባሕርይ ነው። የጋሞው ካህን አባ ባሕርይ እ.ኤ.አ. በ1593 ስለ ኦሮሞ ሕዝብ በግዕዝ የጻፈው አጭር ድርሰት የሚጀምረው በትውልድ ሐረግ ነው፤ ቦረንና በረይቱማን ለይቶ፣ ከእያንዳንዳቸው የተወለዱትን ነገዶች በየስማቸው ይዘረዝራል። ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ ሥራዎቹን በአንድ ጥራዝ አሰባስበው ለአማርኛ አንባቢ አቅርበዋል። ባሕርይ በኦሮሞዎች ወረራ ንብረቱን ያጣ ሰው ነበር። ያጠቃውን ሕዝብ ለመረዳት መጀመሪያ ያነሣው ጥያቄም «የማን ልጆች ናቸው?» የሚል ነበር። ዘር ቆጠራ የታሪክ ጽሕፈት መሣሪያ ሲሆን በደቡብ ምድር ከምናያቸው ቀደምት ምሳሌዎች አንዱ ይህ ነው።

የጽሑፉ ብርሃን ከባሕርይ በኋላ ለረጅም ጊዜ ይደበዝዛል። በዚያው ጊዜ ግን በደጋው ላይ ጽሑፍ የማያስፈልገው ሙሉ ሥርዓት ጸንቶ ኖሯል። ጋሞ ወደ 40 ያህል ደሬዎች፣ ማለትም ለየራሳቸው የሚተዳደሩ አገሮች፣ አሉት፤ ዶርዜ፣ ዶኮ፣ ቦሮዳ፣ ኦቾሎ፣ ዲታ፣ ቦንኬ ጥቂቶቹ ናቸው። እያንዳንዱ ደሬ የራሱ ካዎ (ንጉሥ)፣ የራሱ ሀላቃዎች (ተሿሚ መሪዎች) እና የራሱ ዱቡሻ ነበረው። ዱቡሻ የጉባኤ ሜዳ ነው፤ ነገር የሚታይበት፣ ጠብ የሚበርድበት፣ ሹመት የሚጸድቅበት። ጉባኤው የሚከፈተው በምርቃት ነው፤ ምርቃቱም በቅደም ተከተል ይሄዳል። ሽማግሌው ይነሣል፤ ይመርቃል፤ ጉባኤው ይቀበላል፤ ቀጥሎ ማን እንደሚነሣ የተቀመጡት ሁሉ ያውቁታል። ቅደም ተከተሉን የሚወስነው ዕድሜ ብቻ አይደለም፤ የቤት ታላቅነትም አለበት። የበኩሩ መስመር የሆነ ሰው በዕድሜ ከሚበልጡት ሰዎች ቀድሞ ለወገኑ መሥዋዕት ያቀርብ ነበር፤ በረከት ከታላቅ ወደ ታናሽ ይወርዳል ተብሎ ይታመናልና። ሥርዓቱን ያፈረሰ ጎሜ ይይዘዋል፤ በሽታ፣ የእህል መጥፋት፣ የልጅ መከልከል የሚያመጣ ነውር ማለት ነው።

እንዲህ ባለ ማኅበረሰብ ውስጥ ትውልድ በብራና ካልሰፈረ ይጠፋል ማለት አይቻልም። አባት ሲሞት ማን እንደሚቆም፣ የሁለት ወንድማማች ልጆች የልጅ ልጆች ሲገናኙ ማን ታላቅ እንደሚባል፣ አንዲት ልጅ ከየትኛው ወገን እንደማትታጭ በየዓመቱ በተግባር ይፈተን ነበር። ማስቀላ፣ ማለትም የጋሞ መስቀል፣ ደግሞ ይህን ሁሉ በአደባባይ ያሳያል። በዓሉ ሲደርስ የራቀው ይመለሳል፤ አዲስ ሙሽሮች በሶፌ ሥርዓት አደባባይ ወጥተው ይታያሉ፤ ታናሽ ወደ ታላቁ ቤት ይሄዳል። ፈረንሳዊው ዣክ ቢሮ፣ በኦቾሎ ያጠናው ማርክ አቤሌስ፣ በዶኮ የኖረችው ዴና ፍሪማን ይህን ሥርዓት በየመጽሐፎቻቸው ዘርግተውታል። ዝርዝሩን ለእነሱ ትተን ወደ ዋናው ነገር እንለፍ።

ቆጠራው ሁሉንም አልቆጠረም። የሚቆጠረው በአባት በኩል ነው፤ ያገባች ሴት ልጅ ከሐረጉ ትወጣለች፤ በገባችበት ቤትም እናት እንጂ ስም አትሆንም። መሬት የያዙት፣ መሥዋዕት የሚያቀርቡትና ሀላቃ የሚሆኑት ማላ የሚባሉት ነበሩ። ሸክላ ሠሪዎች፣ ቆዳ ፋቂዎችና አንጥረኞች ከመሬትም፣ ከማላ ጋር ከመጋባትም ተከልክለው ኖረዋል። በባርነት የተሸጡት ደግሞ ስማቸውም አብሮ ተወስዷል። ዛሬ አያቱን የሚፈልግ ሰው ከእነዚህ ወገኖች ከሆነ በዱቡሻ የሚሰማው የትውልድ ዝርዝር እምብዛም አይረዳውም፤ ይህን ከመጀመሪያው ማወቁ ይጠቅመዋል።

የጋሞን ሥርዓት ከሰሜኑ ጋር ስናነጻጽር አንድነታቸውም ልዩነታቸውም ጎልቶ ይወጣል። በጎጃምና በሌሎች የአማራ አውራጃዎች ርስት የሚቆጠረው በአባትም በእናትም ነበር። አላን ሆበን እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው የደጋ ዳሞት ጥናት እንዳሳየው፣ ገበሬው ከዋናው አባት ተነሥቶ በምንዝር አባቶች በኩል እስከ ራሱ እየቆጠረ በጉባኤና በዳኛ ፊት ድርሻውን ይጠይቅ ነበር። የሚያውቅ ሽማግሌ ያለው ወገን ይረታል፤ የረሳው ያጣል። በቤተ ክርስቲያን ሕግ ደግሞ ጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይከለከላል፤ ስለዚህ ምንጅላትን ማወቅ ለሙሽራ ቤት ግዴታ ነበር። ከአርባ ምንጭ በስተደቡብ ያሉት ኮንሶዎች ትውልድን በድንጋይና በእንጨት አቆሙት፤ የሞተው ጀግና በዋካ ሐውልት ይታሰባል፤ በየትውልዱ ተራም ድንጋይ ይተከላል። ሶማሌው ልጁን አብቲርሲ፣ ማለትም የአባቶቹን ስም ዝርዝር፣ ያስጠናዋል። ስለዚህ በጋሞ የምናየው የአንድ ሰፊ አገር ባህል አንዱ ክፍል ነው።

ነገሩ ከአገራችንም ያልፋል። በብሪታንያ ምዕራብ ያለችው ዌልስ በዚህ ረገድ ለእኛ የቅርብ ዘመድ ናት። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ስለ አገሩ የጻፈው ጄራልድ፣ ተራው የዌልስ ሰው እንኳ አያት ቅድመ አያቱን እስከ ስድስትና ሰባት ትውልድ በቃሉ እንደሚቆጥር መዝግቧል። ምክንያቱም እንደኛው ነው፤ በጥንቱ የዌልስ ሕግ መሬት በዘመድ ወገን ይያዝ ነበር፤ ለደም ካሣም የሚጠየቀው ወገን ነው። ስማቸውም እንደኛ የአባት ስም ሰንሰለት ነበር፦ እ.ኤ.አ. በ1282 የተገደለው ልዑል ሉዌሊን አፕ ግሪፊዝ፣ የግሪፊዝ ልጅ ሉዌሊን ማለት ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ከ1536 እስከ 1543 በወጡት ሕጎች ዌልስን ሲጠቀልል የመሬቱ ሕግ ተሻረ፤ የስሙም ሰንሰለት ቀስ በቀስ ቆሞ የማይለወጥ የቤተሰብ ስም ሆነ። ዌልሶችን የታደጋቸው ወረቀቱ ነው፤ ከ1538 ጀምሮ የተያዘው የአጥቢያ መዝገብ፣ ከ1837 ወዲህ የሲቪል ምዝገባው፣ በአበሪስትዊዝ የተመሠረተው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት። ዛሬ ከአሜሪካና ከአውስትራሊያ የሚመጣ የዌልስ ተወላጅ የአያቱን ጥምቀት ቀን በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊያገኝ ይችላል። እኛ የቃሉን ዘመን ተሻግረን ወደ ወረቀቱ ዘመን የገባነው በጣም ዘግይተን ነው። በሁለቱ መካከል የተፈጠረው ክፍተት የሚቀጥሉት አንቀጾች ጉዳይ ነው።

ክፍተቱ የሚጀምረው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ነው። በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. የዐፄ ምኒልክ ጦር ጋሞን ሲይዝ ጨንቻ የአስተዳደርና የጦር ሰፈር ሆነች። ገበሬው ገባር ተብሎ ለወታደርና ለሹም ተደለደለ፤ ብዙ ሰው በባርነት ተሸጦ ከአካባቢው ወጣ። ባርነት በአዋጅ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው። ቦታዎችም ስም መለወጥ ጀመሩ፤ ጣሊያናዊው ተጓዥ ቦቴጎ እ.ኤ.አ. በ1896 ዓባያን በንግሥቱ በማርገሪታ ስም ጠራው፤ በብዙ የአውሮፓ ካርታዎችም ለአሥርት ዓመታት እንዲሁ ተጻፈ። የሰውም ስም እንዲሁ። ተጠማቂው የክርስትና ስም አገኘ፤ ተማሪው በትምህርት ቤት መዝገብ ላይ በአማርኛ ስም ተጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1928 ወላይታ የገቡት የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን ትምህርትም በአካባቢው ሲሰፋ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰዱ ስሞች በዙ። አንድ ሰው በመንደሩ በአንድ ስም፣ በቤተ ክርስቲያን በሌላ፣ በግብር ደረሰኝ ላይ ደግሞ በሦስተኛ ስም ሊገኝ ይችላል።

ያም ሆኖ ይህ ዘመን የመጀመሪያውን ወረቀት አስገብቷል። መሬት በቀላድ ተለካ፤ ከ1934 ዓ.ም. ወዲህ ግብር በደረሰኝ ተከፈለ። በብዙ ቤት ውስጥ እነዚያ ደረሰኞች ዛሬም በጨርቅ ተጠቅልለው በሣጥን ይገኛሉ። ለባለቤቶቹ የመብት ማስረጃ ነበሩ፤ ለእኛ ደግሞ የአያት ስም፣ የአባቱ ስም፣ የቦታው ስምና ዓመተ ምሕረት በአንድ ገጽ የያዙ ሰነዶች ናቸው። የቤተሰብ ታሪኩን ሊሠራ የተነሣ ሰው ከመዝገብ ቤት በፊት የራሱን ዘመዶች ሣጥን እንዲጠይቅ አጥብቄ እመክራለሁ።

በዚያው ዘመን ሌላ ትልቅ እንቅስቃሴ ነበር። የዶርዜና የሌሎች ደሬዎች ሸማኔዎች ወደ አዲስ አበባ ፈለሱ፤ ሽሮ ሜዳ የጋሞ ሁለተኛ ደጋ ሆነች። እዚያ የተመሠረቱት እድሮች ደግሞ የራሳቸውን መዝገብ ያዙ፤ ማን ሞተ፣ ማን ቀበረው፣ የማን ወገን ነው። ከአርባ ምንጭ ይልቅ ሽሮ ሜዳ የሚገኝ የጋሞ ቤተሰብ ታሪክ ጥቂት አይደለም። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማም በ1950ዎቹ ከጨንቻ ወደ አዲሲቷ አርባ ምንጭ ወረደ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም፣ የራሱ ስምና የአባት ስም እንዲኖረው በ32ኛው አንቀጹ ደነገገ። አንቀጹ በወረቀት ላይ ቀረ፤ የሲቪል መዝገቡም በዚያው ሕግ በ3361ኛው አንቀጽ እንዲዘገይ ተደረገ። መዘግየቱ ከግማሽ መቶ ዓመት በላይ ወሰደ።

እስከዚህ ድረስ ቆጠራው ከመሬት ጋር ያለው ትስስር ሙሉ በሙሉ አልተቆረጠም ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ግን በአንድ ቀን ቆረጠው። መሬት የሕዝብ ሆነ፤ የሚያገኘው የገበሬ ማኅበር አባል እንጂ የእገሌ የልጅ ልጅ አይደለም። በደጋ ዳሞት ችሎት ያስረቱ የነበሩ ሽማግሌዎች ዕውቀታቸው በሕግ ፊት ዋጋ አጣ፤ በጋሞም የበኩርነት ጥቅም ቀነሰ። በሌላ በኩል መሬት ተነፍገው ለኖሩት ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች አዋጁ የመጀመሪያውን እርሻ ሰጣቸው። ስለዚህ ይህን ዘመን የማጥፋት ዘመን ብቻ አድርጎ መቁጠር ልክ አይመስለኝም። በሐረጉ ላይ ስማቸው ያልነበረ ሰዎች በገበሬ ማኅበር መዝገብ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በስማቸው ተጻፉ። ከደጋ ወደ ዓባያ ዳር የወረዱት ሰፋሪዎችም ከደሬያቸው፣ ከዱቡሻቸውና ከመቃብራቸው ርቀው በአዲስ ቦታ አዲስ ጎረቤት አፈሩ። በቆላው የተወለደው ልጅ ደጋውን የሚያውቀው ለማስቀላ ሲወጣ ነው።

ለፈላጊው ሌላ መሰናክል የአስተዳደሩ መለዋወጥ ነው። ጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ክፍለ ሀገር ሆነ፤ ቀጥሎ አካባቢው ሰሜን ኦሞ ዞን፣ ከዚያ ጋሞ ጎፋ ዞን ተባለ፤ በ2011 ዓ.ም. ጋሞና ጎፋ ተለያዩ፤ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ። ከመንደሩ ፈቀቅ ያላለ ሽማግሌ አድራሻው አምስት ጊዜ ተለውጧል። ሰነዱ የሚገኘውም በተጻፈበት ዘመን ስም ነው።

የተጓተተው የወረቀት ዘመን በመጨረሻ የገባው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ነው። ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ ተጀመረ፤ ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በቀበሌ ይመዘገባሉ። በዌልስ ይህ የሆነው 179 ዓመት ቀድሞ ነው። የልደት ቅጹ የእናትን ሙሉ ስም ከአባት እኩል ይጠይቃል፤ በእኔ እምነት ከቅጹ ሁሉ ለነገው ታሪክ ጸሐፊ ትልቁ ስጦታ ይኸው መስመር ነው። በውጭ አገር ያለው ኢትዮጵያዊ ደግሞ ተቃራኒውን እየኖረ ነው፤ በአሜሪካ የተወለደው ልጅ የአያቱን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይይዛል፤ ልጁም ያንኑ ይወርሳል፤ ሰንሰለቱ እንደ ዌልሱ በአንድ አያት ላይ ይቆማል።

አሁን ወደ ባይራ እንመለስ። የዘረመሉ ጥናት በመጀመሪያ ከዩራሲያ የተመለሰው ደም በመላው አፍሪካ ተሰራጭቷል ብሎ ነበር፤ ተመራማሪዎቹ በስሌቱ የተፈጠረውን ግድፈት አግኝተው በ2016 እ.ኤ.አ. አረሙት። የጸናው ግኝት ሌላ ነው፦ ከዛሬ ሕዝቦች ለባይራ ይበልጥ የሚቀርቡት በደቡብ ኢትዮጵያ የሚኖሩት አሪዎች ናቸው። በአሪ አንጥረኛና ገበሬ እንደ ጋሞ ሁሉ ሳይጋቡ ኖረዋል፤ አንጥረኞቹ የሌላ ዘር ናቸው ይባልም ነበር። በዚያው በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ግን ሁለቱ ከአንድ ምንጭ እንደወጡና የተለያዩት ኋላ፣ በመገለል ምክንያት እንደሆነ አሳየ። «የነሱ ዘር ሌላ ነው» በሚል ንግግር ሰው ከመሬትና ከማዕድ የተገፋበት አገር ውስጥ ይህ ግኝት ከቤተ ሙከራ ወጥቶ በትምህርት ቤት ሊነገር ይገባዋል።

ዘረመል ወደ ቤተሰብ ፍለጋ የገባው በሌላ በርም ነው። ከ1990ዎቹ እስከ 2010 ዓ.ም. በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ ብቻ የተወሰዱት ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ከ15,000 ይበልጣሉ፤ ከደቡብ የሄዱት ብዙ ናቸው። በ2010 ዓ.ም. የውጭ ጉዲፈቻ በሕግ ቆመ፤ ልጆቹ ግን አደጉ። ምራቅ በጠርሙስ ልከው ውጤቱን ይጠብቃሉ፤ በእነዚያ የመረጃ ቋቶች ውስጥ ከአገር ቤት የተመረመረ ሰው በጣም ጥቂት ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኙት ሌላ የጉዲፈቻ ልጅ፣ አልፎ አልፎም በሌላ አህጉር ያደገ እኅት ወይም ወንድም ነው። እንደ «ቤተሰብ ፍለጋ» ያሉ ድርጅቶች በሁለቱ ወገን ያለውን መረጃ ያገናኛሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ እዚሁ ይሠራል። ቤተሰቧን የምትፈልግ ወጣት በላቲን ፊደል የተጻፈ የጉዲፈቻ ፋይል ይዛ ትመጣለች፤ የዞኑ ስም የቀድሞው ነው፤ የመንደሩ ስም አጻጻፍ ተዛብቷል። በአባቷ ስም ሽማግሌ ዘንድ ብትሄድ ወገኑን ለይቶ ወደ ቤቱ ይመራታል። ፋይሉ ላይ የእናት ስም ብቻ ሲሆን ግን የሽማግሌው ቆጠራ አይደርስላትም፤ ያኔ የሚጠየቁት አክስቶች፣ ያዋለዱ አሮጊቶች፣ አብረው ገበያ የወረዱ ጎረቤቶች ናቸው። ጁዲት ኦልምስቴድ የዲታዋን የሴት መሪ የጪማተ ጩምባሎን የሕይወት ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1997 ስታሳትም የሴቶቹን ትዝታ መጽሐፍ የሚሞላ ሆኖ አግኝታዋለች። አሁን በምዕራብ ዓባያም ሆነ በጨንቻ የሚቀረጸው ድምፅ ከዱቡሻው ሽማግሎች ጎን የእነዚህን ሴቶች ቃል ካላካተተ፣ ፋይል ይዛ ለምትመጣው ልጅ የሚመልስላት አይኖርም።